የካህኑ ሆር ጥቅልል እና የሞርሞኖች «መጽሐፈ አብርሃም»

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1835 በጁላይ ወር መግቢያ ማይክል ቻንድለር የሚባል ተጓዥ ሰው አራት የግብፅ ሙሚዎችን (በመድኃኒት የደረቁ አስከሬኖችን) እና ጥቂት የፓፒረስ ጥቅልሎችን ይዞ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ከርትላንድ ከተማ መጣ። ሙሚ እያሳዩ ገንዘብ መሰብሰብ የዘመኑ ትርኢት ነበር። ከርትላንድ ደግሞ ያን ጊዜ የሞርሞኖች መዲና ናት። ነቢያቸው ጆሴፍ ስሚዝ ከአምስት ዓመት በፊት መጽሐፈ ሞርሞንን «ከተሻሻለ ግብፅኛ» ተረጎምኩት ብሎ ያሳተመ ሰው ነው። ስለዚህ ቻንድለር የስሚዝን በር ማንኳኳቱ አይገርምም። ስሚዝ ጥቅልሎቹን አየና አንዱ የአባታችን አብርሃምን፣ ሌላው የዮሴፍን ጽሑፍ እንደያዘ ተናገረ። እሱና ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስበው ሙሚዎቹንም ጥቅልሎቹንም በ2,400 ዶላር ገዟቸው።

ጥቅልሎቹ እዚያ የደረሱበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ከወረረ ወዲህ አውሮፓ በግብፅ ቅርስ ፍቅር አብዳ ነበር። አንቶኒዮ ሌቦሎ የተባለ የሰሜን ጣሊያን ሰው በጥንታዊቷ ቴብስ፣ በዛሬዋ ሉክሶር አካባቢ መቃብር እያስቆፈረ ሙሚዎችን አወጣ። ሌቦሎ በ1830 ሞተ፤ አስራ አንዱ ሙሚዎች ግን ባሕር ተሻግረው በ1833 ኒው ዮርክ ገቡ። ቻንድለር በየከተማው እያሳየና እየሸጠ ከርትላንድ ሲደርስ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን የሂሮግሊፍን ምስጢር የፈታው በ1822 ቢሆንም፣ አሜሪካ ውስጥ ያን ጊዜ አንድ መስመር የግብፅ ጽሑፍ አንብቦ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ብሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

ስሚዝ ትርጉሙን በ1842 በኢሊኖይ ግዛት ናቩ ከተማ፣ ራሱ አዘጋጅ በሆነበት «ታይምስ ኤንድ ሲዝንስ» ጋዜጣ ላይ ማውጣት ጀመረ። መግቢያው ጽሑፉ በአብርሃም በራሱ እጅ ፓፒረስ ላይ የሰፈረ እንደሆነ ይገልጻል። ውስጡ ደግሞ አብርሃም ገና በከለዳውያን ዑር ሳለ የጣዖት ካህን መሠዊያ ላይ አስሮ ሊሠዋው እንደነበር፣ መልአክ እንዳዳነው፣ ከእግዚአብሔር ዙፋን አጠገብ ኮሎብ የሚባል ኮከብ እንዳለ ይተርካል። ዓለምን ያደራጁትም «አማልክት» ተብለው በብዙ ቁጥር ተጠርተዋል። ከጽሑፉ ጋር ከጥቅልሎቹ የተቀዱ ሦስት ሥዕሎች ከስሚዝ ማብራሪያ ጋር ታተሙ። ስሚዝ በ1844 እስር ቤት ውስጥ እንዳለ በታጠቁ ሰዎች መንጋ ተገደለ። መጽሐፉ ግን ቀጠለ። በ1880 «የታላቅ ዋጋ ዕንቁ» ከተባለው ስብስብ ጋር የቤተ ክርስቲያኗ ቀኖና ሆነ። በራሷ ቆጠራ ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት ያላት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እስከ አሁን እንደ ቅዱስ ቃል ታነበዋለች።

ችግሩን ያመጡት ሥዕሎቹ ናቸው። ስሚዝ የጽሑፉን ትርጉም ብቻ አትሞ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም ማለት ባልቻለ ነበር። ሥዕል ግን ይመረመራል። በፓሪስ የሉቭር ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቴዎዱል ዴቬርያ የታተሙትን ቅጂዎች አይቶ፣ እነዚህ የተለመዱ የግብፅ የቀብር ሥዕሎች ናቸው አለ፤ አስተያየቱ በ1860 ዣክ... አይደለም፣ ዡል ሬሚ ስለ ሞርሞኖች አገር በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በ1912 ደግሞ የዩታ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ፍራንክሊን ስፖልዲንግ ሥዕሎቹን ለስምንት ሊቃውንት ላከላቸው። ፔትሪና ብሬስቲድን የመሳሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ስሞች አሉበት። መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ የአብርሃም ነገር የለበትም። ከስምንቱ አንዱ ሳሙኤል መርሰር ነው። ግእዝ ያጠኑ አንባቢዎች ስሙን ያውቁት ይሆናል፤ በ1915 ስለ ቅዳሴያችን፣ በ1920 ደግሞ የግእዝ ሰዋስው በእንግሊዝኛ ያሳተመው ያው ሰው ነው።

የሞርሞኖቹ ወገን መልስ አላጣም። ሊቃውንቱ ያዩት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት እንጂ ዋናውን ፓፒረስ አይደለም፤ ዋናው ደግሞ የለም ተባለ። እውነትም የለም ተብሎ ይታመን ነበር። የስሚዝ እናት በ1856 ስትሞት ባለቤቱ ኤማ ሙሚዎቹንና ጥቅልሎቹን ሸጠቻቸው። ከፊሉ ቺካጎ የሚገኝ ሙዚየም ደረሰ፤ ሙዚየሙ በ1871ዱ ታላቅ የከተማዋ ቃጠሎ ወደመ። ክርክሩም እዚያው አመድ ሆኖ የቀረ መሰለ።

በ1966 ግን ትውልደ ግብፅ የሆነው ኮፕቱ የታሪክ ሊቅ አዚዝ ሱርያል አጢያ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የፓፒረስ ክምችት ውስጥ ሲፈልግ የሚያውቀው ሥዕል ፊቱ ድቅን አለ። አጢያ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ስለነበር የሞርሞኖቹን መጽሐፍ ያውቀዋል። ያየው የመጽሐፈ አብርሃም አንደኛው ሥዕል ነው፤ ኅትመቱ ሳይሆን ፓፒረሱ ራሱ። አብሮት ኤማ በ1856 የፈረመችበት የሽያጭ ወረቀት ተቀምጧል። ቁርጥራጮቹ የተለጠፉበት ወረቀት ጀርባ ላይም የከርትላንድ አካባቢ ካርታና የቤተ መቅደስ ንድፍ አለ። ለቃጠሎው የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ሌላው በገዢው ቤተሰብና በሠራተኞቹ እጅ ዞሮ ሙዚየሙ በ1947 ገዝቶት ኖሯል። በኖቬምበር 1967 ሙዚየሙ አስራ አንድ ቁርጥራጮችን ለቤተ ክርስቲያኗ አስረከበ። ቤተ ክርስቲያኗም ሳትደብቅ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ፎቶዎቹን በራሷ መጽሔት አወጣች። ይህን ማድረጓ ሊመሰገን ይገባል።

አሁን ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። በ1968 የቺካጎው ክላውስ ቤር እና ሌሎች ምሁራን አነበቡት። ጽሑፉ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ሆር፣ የኡሲርዌር ልጅ፣ እናቱ ታይኽቢት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ገደማ በቴብስ ያገለግል የነበረ ካህን ነው። ጥቅልሉ «የእስትንፋስ መጽሐፍ» የሚባለው የቀብር ጽሑፍ ነው። የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር መመሪያ አለው፤ በበፍታ ተጠቅልሎ በሟቹ ግራ ክንድ ሥር፣ ከልቡ አጠገብ ይደረጋል፣ ያን ጊዜ ነፍሱ እንደ አማልክቱ ነፍስ ለዘላለም ትተነፍሳለች።

ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ልፋፈ ጽድቅ ከሟቹ ጋር የሚቀበረው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሆር ጥቅልል ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። እንግሊዛዊው ዋሊስ ባጅ በ1929 ልፋፈ ጽድቅን ሲያሳትም «የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሙታን» ብሎ የሰየመውም ለዚህ ነው። ባጅ ንጽጽሩን አብዝቶታል ባይ ነኝ፤ አንዱ የኦሲሪስ፣ ሌላው የክርስቶስ ነው። የወረቀቱ ሥራ ግን አንድ ነው፤ ሟቹ በወዲያኛው ደጅ ላይ ባዶ እጁን እንዳይቆም። ሆርም ሆነ የሆር ቤተሰብ ለማንም የሚነበብ መጽሐፍ አላጻፉም። የሟች ስንቅ ነበር።

አሁን ሥዕሎቹን ጎን ለጎን እንያቸው። በአንደኛው አንድ ሰው በአንበሳ ቅርጽ በተሠራ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ስሚዝ ይህ አብርሃም ነው፤ የቆመው የጣዖት ካህን ነው፤ ከአልጋው ሥር ያሉት አራት ማሰሮዎች አራት ጣዖታት ናቸው አለ። ለግብፅ ጥናት ሰዎች የተጋደመው በኦሲሪስ አምሳል የሚነሣው ሟቹ ሆር ነው፤ የቆመው የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ፣ ማሰሮዎቹም የሟቹ የሆድ ዕቃ የሚቀመጥባቸው፣ የሆረስ አራት ልጆች ራስ ያላቸው ናቸው። ፓፒረሱ ላይ የቆመው ሰው ራስ ያለበት ቦታ ተቀዶ ጠፍቷል። በኅትመቱ ላይ ግን የሰው ራስና በእጁ ቢላዋ ተሥሎለታል። ሁለተኛው ሥዕል ሙቀት እንዲሰጠው ከሟች ራስ ሥር የሚደረግ ክብ ነገር ነው፤ የሸሸንቅ የሚባል ሌላ ሰው ነበር። የጎደለው የጠርዙ ጽሑፍ ከሆር ጥቅልል በተቀዱ ፊደላት ተሞልቷል። እዚህ ጋ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስሚዝ በዚህ ሥዕል ላይ ያሉትን የሆረስ አራት ልጆች «የምድር አራት ማዕዘናት» ብሏቸዋል፤ ግብፆችም ከአራቱ አቅጣጫዎች ጋር ያያይዟቸው ነበር። ተከላካዮቹ ይህችን ደጋግመው ያነሳሉ፤ መብታቸው ነው።

ሦስተኛው ሥዕል ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዙፋን ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሰው፣ ከኋላው የሚመራው ጥቁር አካል። ሂሮግሊፉ ሰዎቹን በስም ይጠራቸዋል፤ ኦሲሪስ፣ ኢሲስ፣ ማዓት፣ ራሱ ሆር፣ አኑቢስ። ሆር ወደ ኦሲሪስ ፊት እየቀረበ ነው። በስሚዝ ማብራሪያ ዙፋኑ ላይ ያለው በፈርዖን ቤተ መንግሥት ሥነ ፈለክ የሚያስተምር አብርሃም ሆነ። ኢሲስ ንጉሥ ፈርዖን፣ ማዓት ልዑሉ ሆኑ፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው እንግዲህ። ሆር «ሹለም» የሚባል የንጉሡ አሳላፊ ሆነ። ጥቁሩ አኑቢስስ? «ኦሊምላህ» የሚባል የልዑሉ ባሪያ ሆነ። በግብፆች ዘንድ ጥቁር ቀለም የአባይ ደለል፣ የልምላሜና የትንሣኤ ቀለም ነው። በ1842 አሜሪካ ግን ጥቁር አካል ያየ ዓይን መጀመሪያ የመጣለት ባሪያ ነበር።

ይህ ነገር ሥዕል ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የመጽሐፈ አብርሃም ምዕራፍ አንድ ግብፅን ያገኘችው የካም ልጅ እንደሆነች፣ የመጀመሪያው ፈርዖንም ጻድቅ ቢሆን እንኳ በዘሩ ምክንያት ክህነት የማይገባው እንደነበር ይናገራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የተረገመው ከነዓን ነው፤ ኩሽም ምጽራይምም አይደሉም። ስሚዝ በሕይወት ሳለ ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሏል። በ1852 ግን ተተኪው ብሪገም ያንግ ጥቁሮች ክህነት አይቀበሉም ብሎ በይፋ አወጀ። ያንግ የጠቀሰው በዋናነት ቃየንን ነበር፤ ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን መሪዎቹ ለእገዳው የቅዱስ መጽሐፍ ማስረጃ ሲፈልጉ የመጽሐፈ አብርሃምን ቁጥሮች አነሱ። እገዳው እስከ ጁን 1978 ቆየ። 126 ዓመት። ፓፒረሱ ተገኝቶ፣ የሆር የቀብር ወረቀት መሆኑ ታትሞ ከወጣ በኋላ እንኳ አስር ዓመት ተጨምሮበታል። በነዚያ ዓመታት ጥቁር አሜሪካዊ አማኝ ልጁን ማጥመቅ፣ በቤተ መቅደስ ማግባት አይችልም ነበር።

ተከላካዮቹ ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ፣ የአብርሃም ጽሑፍ የነበረበት ክፍል ጠፍቷል የሚል ነው። ጆን ጊ የተባለው ሞርሞን የግብፅ ጥናት ምሁር የጠፋውን ከ12 ሜትር በላይ ገመተው። አንድሩ ኩክ እና ክሪስቶፈር ስሚዝ በ2010 የጥቅልሉን ዙሮች ለክተው የጎደለው 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው አሉ። በዚያ ላይ የስሚዝ ጸሐፊዎች በተዉት ረቂቅ ኅዳግ ላይ ከአብርሃም ጽሑፍ ትይዩ የተቀመጡት ፊደላት ከዚሁ ከሆር ቁርጥራጭ የተቀዱ ናቸው። ሌላው መንገድ፣ ፓፒረሱ ለራእይ መነሻ ሆነ እንጂ ቃል በቃል አልተተረጎመም የሚል ነው። ይሄኛው በማስረጃ አይረታም፤ አይረጋገጥምም። ቤተ ክርስቲያኗ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ የፊደላቱ ይዘት ከመጽሐፉ ጋር እንደማይገጥም አምና ሁለቱንም መንገዶች አስቀምጣለች። ማመኗ ትልቅ እርምጃ ነው። «ትርጉም» የሚለው ቃል ፍቺው የተቀየረው ግን ፓፒረሱ ከተነበበ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

የእኛ መጽሐፈ ኩፋሌም በዚህ ክርክር ውስጥ አለ። አብርሃም የአባቱን ጣዖታት ሲቃወም፣ ቤታቸውን ሲያቃጥል፣ ሌሊት ተቀምጦ ከዋክብትን ሲመለከት በኩፋሌ አለ። ኩፋሌ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ነው፤ ዲልማን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው በ1850 እና 1851 ነው። እና ስሚዝ ይህን ከየት አወቀው ይላሉ ተከላካዮቹ። ነገር ግን አብርሃም ለግብፆች ሥነ ፈለክ እንዳስተማረ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን ጥንታዊው ዮሴፎስ ጽፎታል፤ የዮሴፎስ እንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤት ይገኝ ነበር።

በ2013 ቤተ ክርስቲያኗ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን የቀድሞ ትምህርት እንደማትቀበል በጽሑፍ አስታወቀች። የምዕራፍ አንድ ቁጥሮች በቦታቸው አሉ። የሆር ቁርጥራጮች ሶልት ሌክ ሲቲ ተቀምጠዋል፤ ፎቶዎቻቸው ለፈለገ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ናቸው። ሦስተኛው ሥዕልም ከማብራሪያው ጋር መታተሙን ቀጥሏል፤ ሆር ዛሬም አሳላፊው ሹለም፣ አኑቢስም ዛሬም ባሪያው ኦሊምላህ ነው።