ያለ ቅጥር የተመሠረተ ማኅበር

በነሐሴ ወር 1617 (እ.ኤ.አ.) በአንድ እሑድ ነው። ሻቲዮን በምትባል የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ የቁምስናው ካህን አባ ቪንሰንት ደ ፖል ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ፣ ወጣ ብሎ ባለ ቤት አንድ ቤተሰብ ሁሉም ታሞ እንደተኛና አስታማሚ እንዳጣ ተነገራቸው። ነገሩን በስብከታቸው አነሡት። ከሰዓት በኋላ ሊጠይቁ ሲወጡ መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ አገኙት። ገሚሶቹ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ፣ ገሚሶቹ አድርሰው ይመለሳሉ፣ ሙቀቱ ያደከማቸው ደግሞ ከመንገድ ዳር አረፍ ብለዋል።

ደግነቱ አስደሰታቸው፤ አንድ ነገር ግን አሳሰባቸው። ዛሬ የተትረፈረፈው ይበላሻል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመምተኞቹ መልሰው ይራባሉ። በሦስተኛው ቀን ሴቶቹን ሰብስበው ተራ አስያዟቸው። የጻፉላቸውን መተዳደሪያ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አስታማሚ ካለው ሕመምተኛ ጀምሩ፣ ብቸኛውን መጨረሻ አድርጉት፣ ከእሱ ጋር ብዙ እንድትቆዩ ይላል። ይህን የሚጽፍ ሰው የታመመ ሰው ዘንድ በእውነት የተቀመጠ ነው።

ቪንሰንት በ1581 በጋስኮኝ አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ አባታቸው ጥንድ በሬ ሸጠው አስተማሯቸው። በ1600 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ቀሰሱ። በወጣትነታቸው የሚፈልጉት ጥሩ ገቢ ያለው ሹመት ነበር፤ በ1610 ለእናታቸው በጻፉት ደብዳቤ ይህንኑ ተስፋቸውን አልሸሸጉም። የለወጣቸው የገጠሩ ሕዝብ ነው። በ1617 መጀመሪያ ፎልቪል በምትባል መንደር ስለ ኑዛዜ ሲሰብኩ የመጣው ገበሬ ብዛት፣ የሚያስተምረው ካህን ያጣ ሕዝብ መኖሩን አሳያቸው። በ1625 ጎንዲ የተባሉት መኳንንት በሰጡት ገንዘብ ለገጠር የሚሰብኩ ካህናትን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በኋላ በፓሪስ የቅዱስ አልዓዛርን ቤት ስለተረከበ አባላቱ ላዛሪስት ተባሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በ1633 ከሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የመሠረቱት የሴቶች ማኅበር ነው ብዬ አምናለሁ። በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተሳለች መነኩሲት ከገዳም ቅጥር አትወጣም። ጳጳሱ ፍራንሷ ደ ሳል የመሠረቱት የሴቶች ማኅበር ሕመምተኛ ለመጠየቅ ተነሥቶ ኋላ በቅጥር ተዘግቶበታል። ቪንሰንት ይህን አይተው ነበርና የማኅበራቸውን ሴቶች መነኮሳት አላደረጓቸውም። የሚለብሱት የገበሬ ልብስ፣ የሚኖሩት በኪራይ ቤት፣ የሚጸልዩት በቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስእለታቸውም በየዓመቱ የሚታደስ እንጂ የዕድሜ ልክ አልሆነም።

መንገዱን የከፈተችላቸው የሱሬኗ እረኛ ማርግሪት ናዞ ናት። ከብት እየጠበቀች ፊደል በራሷ ለየች፣ ሌሎችንም አስተማረች። ወረርሽኝ የያዛትን ሴት አልጋዋ ላይ አስተኝታ በዚያው በሽታ በ1633 ሞተች።

ቪንሰንት በ1660 አረፉ። ማኅበራቸው ግን ኢትዮጵያም ደረሰ፤ በ1839 የላዛሪስቶች ቡድን አድዋ ገባ። መሪያቸው ዮስጢኖስ ዴ ያኮቢስ፣ የአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ ቋንቋውን ተምረው እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው ኖሩ። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል በእሳቸው አማካይነት ካቶሊክ ሆነው በ1855 በእስር ሞቱ፤ ሮም በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች።