ከቦቢኒ እስከ ደብረ ማርቆስ፦ የትንንሾቹ የጭነት መኪኖች ታሪክ

ፓሪስ ዳር በምትገኘው ቦቢኒ የሜካኖ ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። «ዲንኪ ቶይስ» የተባሉትን የብረት መጫወቻ መኪኖች ሲሠራ አርአያ የሚያደርገው በየመንገዱ የሚመላለሱትን እውነተኛ መኪኖች ነበር። የሲትሮየን፣ የሲምካ ካርጎ፣ የዩኒክና የቤርሊዬ የጭነት መኪኖች በመዳፍ ልክ እየተሠሩ ለልጆች ቀረቡ። ያኔ በሳንቲም ይገዙ የነበሩትን ዛሬ ሽበታም ሰዎች በጨረታ ይሻሙባቸዋል።

የተሠሩበት ቅይጥ ዛማክ ይባላል፤ ዚንክ ከአልሙኒየም፣ ከማግኒዥየምና ከመዳብ ጋር ቀልጦ በግፊት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባል። በቅይጡ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ግን መጫወቻው ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይሰነጣጠቅና ይፈረፈራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ያለቁት በዚህ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢ ቀለሙ ደምቆ ስላየ ብቻ አይገዛም፤ ብረቱ ጤነኛ መሆኑን፣ ጎማው አለመቀየሩን፣ ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው ካርቶን አብሮ መኖሩን ይመረምራል።

ይህን የመሰብሰብ ሥራ የትልቅ ሰው ጨዋታ ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን መጫወቻውን የታሪክ ሰነድ አድርጌ ነው የማየው። ለምሳሌ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበውን የሰሃራ ቤርሊዬ እንውሰድ። በአልጄሪያ በረሃ ሐሲ መስዑድ ላይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ አልጄሪያ ነፃ የወጣችው በ1962። በሁለቱ ዓመታት መካከል የፈረንሳይ ኩባንያዎች በአሸዋው ላይ ቧንቧና ማሽን ያጓጉዙ ነበር። የፓሪስ ልጅ ምንጣፍ ላይ ሲገፋው የዋለው ያን መኪና ነው። የቅኝ ግዛት የመጨረሻ ዓመታት በአንዲት መጫወቻ ላይ ታትመው ቀርተዋል።

ጎጃምስ? የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ ፓሪስም ደርሰዋል። ሲትሮየን ኩባንያ መኪኖቹን ለማስተዋወቅ መጫወቻዎች ማሠራት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። በጎጃም ግን ያን ጊዜ ጭነት የአጋሰስ ሥራ ነበር። የዓባይ ሸለቆ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት አለው፤ ወንዙም ድልድይ ይፈልግ ነበር።

የጭነት መኪና በብዛት ወደ ሰሜን ምዕራቡ አገር የመጣው በጦርነት ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የጣሊያኑ የስታራቼ ጦር በመኪና የተጫነ ነበር። ጣሊያኖች ቀጥለው መንገድ ጠረጉ፣ በሸፈርታክ በኩልም ዓባይን በድልድይ ተሻገሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ (የቀድሞው ራስ ተፈሪ) በኦሜድላ በኩል ሲገቡ ግን በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይት በአመዛኙ የተጓጓዘው በግመል ነው፤ ግመሎቹም በዳገቱና በብርዱ አለቁ። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተያዘች፤ የሸሸው የጣሊያን ጦርም ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ድልድዩን አፈረሰው።

ከነፃነት በኋላ ፊያት 634፣ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው፣ ኮፈኑን ወደ ፊት አሹሎ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ሠራ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ኋላም ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ፊያት 682፣ «ኤንትሬ»፣ መንገዱን ወረሰ። ጤፍ የጫነ ኤንትሬ በከባድ ማርሽ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ፍሬኑ ይሸታል፤ ዳገቱ ላይ ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። ይህን ቆሞ ያየ ልጅ ቤቱ ሲገባ ሽቦ ይፈልጋል።

የእኛ ዲንኪ ቶይስ የተፈበረከው እዚህ ላይ ነው። ሻሲው ከሽቦ፣ ካሶኒው ከዘይት ወይም ከሳርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ካለቀ ሸበጥ ይሠራል። ረጅም ሽቦ እስከ ደረት ድረስ ይመጣና መሪ ይሆናል፤ ልጁም እየሮጠ ይነዳዋል። ገጠር ላይ ሽቦ ሲጠፋ ጭቃና የበቆሎ አገዳ አለ። ሠሪው ዝም ብሎ «መኪና» አይሠራም፤ ኮፈን ያለውንና ጠፍጣፋውን ይለያል፣ ተሳቢ ይቀጥላል፣ ፓራፋንጎ ያወጣለታል። የቱሪኑ መርኩሪ ፋብሪካ ፊያት 682ን በቅርጽ አፍስሶ ሲሸጥ፣ የደጀንና የማርቆስ ልጅ ያንኑ መኪና በዓይኑ ለክቶ በእጁ አጠፈው። ከሁለቱ የበለጠ ማስተዋል የጠየቀው የትኛው እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው።

የሚያሳዝነኝ ልዩነቱ አንዱ ካታሎግና ቁጥር ኖሮት መቀመጡ፣ ሌላው ከቆሻሻ ጋር መጣሉ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ልጅነትም በውስጡ ቦታ አለው። የሽቦ መጫወቻዎቹን ሰብስቦ ለመመዝገብ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። በዓባይ ሸለቆ የሚያልፉት አሁን አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው፤ ከ2001 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮም በጃፓን ርዳታ በተሠራው 303 ሜትር ድልድይ ይሻገራሉ። በልጅነታቸው ኤንትሬን በሽቦ ያጠፉት ግን ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቁጭ ብለው መልሰው ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ መጫወቻ ሲመዘገብ የሠሪው ቀበሌ፣ የተሠራበት ዘመን፣ አርአያ የሆነው መኪና፣ ቆርቆሮው የምን እንደነበረ፣ ጎማው ከምን እንደተቆረጠ ይጻፍ። ሽቦና ቆርቆሮ በማርቆስ ክረምት ቶሎ ይዝጋሉ፤ በስሱ ዘይት ተቀብተው በደረቅ ሣጥን መቀመጥ አለባቸው።