አንዴ ፈርሞ የሚጣል ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ2020 ሶላና በተባለው የክሪፕቶ ኔትወርክ ላይ ከተርሚናል አዲስ የቶከን አካውንት የከፈተ ሰው፣ ልብ አላለው ይሆናል እንጂ ሁለት ቁልፎች ተጠቅሟል። አንዱ ዋሌቱን የሚያዝበት ነው። ሌላውን ፕሮግራሙ እዚያው ፈጥሮ፣ አንዴ አስፈርሞበት፣ ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ጥሎታል። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ጉድ ነው፣ ቁልፍ ይጣላል እንዴ?» ነው። የክሪፕቶ ቁልፍ አያያዝ ታሪክ ወዴት ሲጓዝ እንደኖረ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ጉዞው ሰው የሚጠብቀውን ቁልፍ ቁጥር ወደ ማሳነስ ነበር።

ሲጀመር ቁልፉ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የወጣው የቢትኮይን ፕሮግራም ቁልፎቹን «ዋሌት ዶት ዳት» በተባለ አንድ ፋይል ያጠራቅም ነበር። ገንዘብ ሲላክ መልሱ፣ ልክ የሱቅ መልስ እንደምንለው፣ የሚገባው በአዲስ አድራሻ ነው፤ አዲስ አድራሻ ደግሞ አዲስ ቁልፍ ይፈልጋል። ኋላ ላይ ፕሮግራሙ 100 ያህል ቁልፎች አስቀድሞ እየፈጠረ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ፋይሉን ገልብጦ በጥንቃቄ ያኖረ ሰው መቶው ካለቀ በኋላ የገባለትን ገንዘብ ከዚያ ቅጂ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ፋይሉ በይለፍ ሐረግ መቆለፍ የጀመረውም በመስከረም 2011 ነው፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሰኔ ላይ ይህንኑ ፋይል ከኮምፒውተር እያደነ የሚሰርቅ ቫይረስ ተገኝቶ ነበር። መፍትሔው የመጣው በ2012 የቢትኮይን ፕሮግራመሩ ፒተር ቩይለ ባቀረበው ሐሳብ ነው፦ ቁልፎቹ ሁሉ ከአንድ ዘር ይብቀሉ። በ2013 ደግሞ ዘሩን ከ2,048 ቃላት ዝርዝር ተመርጠው በወረቀት ሊጻፉ በሚችሉ ጥቂት ቃላት መግለጽ ተቻለ።

ሶላና ያንን መንገድ አንድ እርምጃ ገፋው። እዚያ የቶከን አካውንት 165 ባይት የምትይዝ መዝገብ ናት፤ በውስጧም የባለቤቱ አድራሻ ተጽፏል። መዝገቧ በአንድ አድራሻ ላይ እንድትፈጠር የዚያ አድራሻ የራሱ ቁልፍ መፈረም ነበረበት፣ ማንም የሌላውን ቦታ እንዳይቀማ። ከተፈጠረች በኋላ ግን የምታዳምጠው የቶከኑን ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙም ገንዘብ ሲወጣ የሚጠይቀው በውስጧ የተጻፈውን ባለቤት ፊርማ ነው። የተወለደችበት ቁልፍ እንግዲህ እትብት ሆነ ማለት ነው፤ ያለ እርሱ አትወለድም፣ ከተወለደች በኋላ ግን ምንም አይሠራላትም። ለእያንዳንዱ አካውንት የቁልፍ ፋይል ፈጥሮ ፎልደሩን የሞላ ሰው የጠበቀው እትብት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እርሱም ቀረ። አድራሻው ከዋሌቱ፣ ከቶከኑና ከቶከን ፕሮግራሙ አድራሻዎች በስሌት ይወጣ ጀመር። ስሌቱ አንዲት ቁጥር ከ255 ወደ ታች እየቀነሰ ይሞክራል፤ የሚፈልገው የምስጢር ቁልፍ ጨርሶ ሊኖረው የማይችል አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሁሉ ነገር በአንድ ቁልፍ ላይ ከተንጠለጠለ ያ ቁልፍ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። እውነት ነው። ነገር ግን የአካውንቶቹ ቁልፎች ተቀምጠው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ የዋሌቱን ቁልፍ በጣለ ቀን አንዳቸውም አያድኑትም፤ ሥልጣኑ መጀመሪያም እነርሱ ዘንድ አልነበረም። የሚበዛው ቁልፍ የሚያበዛው የጠባቂውን ድካም ብቻ ነው። ይልቅ እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ የቀረው አንድ ቁልፍ አቀማመጥ። በተለምዶ «አይዲ ዶት ጄሰን» በሚባል ፋይል ውስጥ 64 ቁጥሮች በኮማ ተለያይተው ተደርድረዋል፣ 32ቱ ምስጢሩ፣ 32ቱ ይፋዊው። ሰው ሳይነካው ሌት ተቀን የሚፈርም ሰርቨር እንዲያነበው ይመቻል፤ ከዚያ ባሻገር የሚከልለው የፋይሉ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲፈጠር ፕሮግራሙ የይለፍ ሐረግ ይጠይቃል፣ ብዙ ሰውም ፋይሉን የቆለፈ ይመስለዋል። ሐረጉ የሚታከለው ግን ዘሩን በሚገልጹት 12 የማስታወሻ ቃላት ላይ ነው፤ ፋይሉ ክፍት እንደሆነ ይቆያል፣ ፕሮግራሙም ሐረጉን ሲጠይቅ ይህንኑ እዚያው ጽፎታል።