በሰከንድ 9,615፦ የአንድ ቁጥር ታሪካዊ አመጣጥ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ቁጥር ላይ ያተኩራል፤ ቁጥሩም 9,615 ነው። አርዱይኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ፣ ማንም ቅንብሩን ካልነካው፣ ከአናሎግ ሴንሰር የሚመጣውን ቮልቴጅ በአንድ ሰከንድ ሊያነብ የሚችለው ቢበዛ ይህን ያህል ጊዜ ነው። ብዙዎች ቁጥሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለው ያልፉታል። በእኔ እምነት ግን ይህ ሰዎች በምክንያት የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱን የማያውቅ ተመራማሪም የለካውን ነገር ምንነት በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ከ1954 ልጀምር (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በርናርድ ጎርደን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ኤፕስኮ በተባለው ኩባንያው አማካይነት፣ ዳትራክ የተሰኘ የአናሎግ ወደ ዲጂታል መቀየሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው በቫኪዩም ቱቦዎች የተሠራና 500 ዋት ያህል ኃይል የሚፈጅ ነበር፤ ሆኖም በ11 ቢት ጥራት በሰከንድ 50,000 ጊዜ ያነብ ነበር። ታዲያ ጥፍር የምታህለው የዘመናችን ቺፕ፣ ያውም በ10 ቢት፣ ከዚያ አሮጌ ሣጥን ከአምስት እጥፍ በላይ የምትዘገየው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ በስሌት ዘዴው ላይ አይደለም፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነውና። ዘዴው ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ኒኮሎ ታርታሊያ በጥቂት የሚዛን ድንጋዮች ያልታወቀን ክብደት ስለ መመዘን ጽፎ ነበር። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 የሚመዝኑ ድንጋዮች ያሉት ሰው እስከ 63 ያለውን ማንኛውንም ሙሉ ክብደት በስድስት ሙከራ ያገኘዋል፤ ከትልቁ ይጀምራል፣ ሚዛኑ ካዘነበለበት ያነሣዋል፣ አለዚያ ይተወዋል፣ ወደሚቀጥለውም ይወርዳል። በድንጋዩ ፋንታ ቮልቴጅ ሲተካ የዳትራክም የዛሬው ቺፕም አሠራር ይኸው ነው።

የስልክ ድምፅን ወደ ቁጥር የመለወጥን ሐሳብ በ1937 ፓሪስ ላይ ያፈለቀው እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ግን በሌላ መንገድ ነበር የሄደው። የሱ ዘዴ መቁጠር ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ ቮልቴጅ ከሚለካው ጋር እስኪተካከል ድረስ ምቶች ይቆጠራሉ። በመቁጠር 10 ቢት ለማግኘት እስከ 1,023 ምት መጠበቅ ግድ ሲሆን፣ በመመዘን ግን አሥር ሙከራ ይበቃል። የቤል ላቦራቶሪው ጉዳል በ1947 ባለ 5 ቢት የመመዘኛ መቀየሪያ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ማሠራቱን ስናስብ፣ የፍጥነቱ ምንጭ ከቱቦው ይልቅ ዘዴው እንደ ነበረ ግልጽ ይሆናል።

ሚዛኑ ወደ ቺፕ የገባበት መንገድ በ1975 ተከፈተ። ጄምስ ማክሪሪና ፖል ግሬይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ መጠናቸው በእጥፍ በእጥፍ የሚያድግ ካፓሲተሮችን በሚዛን ድንጋዮቹ ቦታ ተክተው ባለ 10 ቢት ንባብ በ23 ማይክሮሰከንድ አከናወኑ። ከዚያ ወዲህ መቀየሪያውን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ሲሊከን ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ሆነ።

አሁን ወደ ቁጥራችን እንመለስ። በኡኖ ላይ ያለው አትሜጋ328ፒ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለው። አምራቹ እንደሚመክረው፣ ሙሉውን የ10 ቢት ጥራት ለማግኘት የመቀየሪያው ሰዓት ከ200 ኪሎኸርዝ መብለጥ የለበትም። ዋናው ሰዓት ለ64 ቢካፈል 250 ኪሎኸርዝ ይሆናል፣ ከወሰኑም ያልፋል፤ ስለዚህ የአርዱይኖ ሰዎች 128ን መረጡ። አንድ ንባብ 13 ምት ይወስዳል፤ 125,000 ለ13 ሲካፈል 9,615 ይወጣል። አርዱይኖ በ2005 ኢቭሪያ ጣሊያን ውስጥ የተወለደው ለንድፍ ተማሪዎች እንደ መሆኑ፣ ከፍጥነት ይልቅ ትክክለኛነትን ማስቀደማቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። አካፋዩን 16 ያደረገ ሰው በሰከንድ 76,923 ንባብ ያገኛል፣ ዳትራክንም ይቀድማል፤ ከጥራቱ ግን ጥቂት ይከፍላል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ስለ መጠበቅ ነው። በተለመደው የንባብ ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውጤቱ እስኪደርስ 1,664 የሰዓት ምት ያለ ሥራ ቆሞ ይቆያል። ውጤቱ ሲደርስም ሌላ ጠባብ በር አለ፤ በ115,200 ቦድ የሚሠራ ተከታታይ መስመር በሰከንድ ከ11,520 ባይት በላይ አያሳልፍም፤ አንድ ንባብ ሁለት ባይት ቢይዝ 5,760 ንባብ ብቻ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው መቀየሪያውን በራሱ ጊዜ እንዲሠራ ትቶ ውጤቱን በኢንተራፕት መቀበል የመጀመሪያው መፍትሔ የሆነው። በ1950ዎቹ በትልልቅ ኮምፒውተሮች የተጀመረው ውሂብን ያለ ፕሮሰሰር እጅ በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ የማስገባት ዘዴ ደግሞ፣ ዛሬ እንደ ኤስቲኤም32 ባሉ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለሮች ውስጥ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ሻነንም በ1949 እንዳሳዩት፣ የንባቡ ፍጥነት በምልክቱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ መብለጥ አለበት። የሞተር መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት በ9,700 ኸርዝ የሚያወጣው ጫጫታ በሰከንድ 9,615 ጊዜ ቢነበብ፣ በግራፉ ላይ በ85 ኸርዝ የሚወዛወዝ ንጹሕ ሞገድ ሆኖ ይታያል። ተመራማሪው በሞተሩ ውስጥ ያላለ ንዝረት አገኘሁ ብሎ ሊያሳትም ይችላል። ቁጥሩ አንዴ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከገባ በኋላ 85ቱን ከ9,700ው የሚለይ ፕሮግራም የለም፤ ጫጫታው ከመቀየሪያው በፊት፣ በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተርም ቢሆን፣ መቀነስ አለበት።