የመዲናው የጭቃ መስጂድ

የጭቃ ቤት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ድህነት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ከጭቃ ስለተሠራ ታላቅ መስጂድ ነው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ የተሠራው መስጂዳቸው ግድግዳው ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያውም የተምር ዝንጣፊ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ጡብ ተሸክመዋል። ሶሓቦች አንድ አንድ ጡብ ሲያነሱ ዐማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ) ግን ሁለት ሁለት ይሸከሙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ከየማማ የመጡት ጦልቅ ኢብን ዐሊ (ረ.ዐ) ደግሞ ጭቃ ማቡካት ያውቁበት ስለነበር፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጭቃውን ለእሳቸው እንዲያቀርቡላቸው ማዘዛቸው ተዘግቧል። ልብ በሉ፤ ጭቃ ማቡካት ሙያ ነው! ውሃው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ አይያያዝም። እኛ አገር የጤፍ ጭድ ጨምረን ለቀናት የምናቦካውና ደጋግመን የምንረግጠው ለዚሁ ነው።

የመዲናው መስጂድ ጣሪያ ያፈስ ነበር። በአንድ የረመዷን ሌሊት ዘንቦ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ ማድረጋቸውን፣ የጭቃው ምልክትም ግንባራቸው ላይ መታየቱን አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ዑመር (ረ.ዐ) መስጂዱን ሲያሰፉት በዚያው በጡብና በዝንጣፊ አሠሩት። በተጠረበ ድንጋይ፣ በኖራና ሳጅ በሚባለው ጠንካራ እንጨት የለወጡት ዑስማን (ረ.ዐ) ናቸው። ስለዚህ በድንጋይ መሥራትም ነውር የለበትም፤ ነውሩ የጭቃውን ቤት መናቅ ነው።

«ጭቃ የት ይቆያል?» ለሚል ሰው በማሊ የጄኔ ከተማን ታላቅ መስጂድ እንንገረው። የአሁኑ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 ተጠናቀቀ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ታዲያ ዝም ተብሎ አልቆመም። ከተማው በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ይወጣና ከሩዝ ገለባ ጋር የቦካ ጭቃ ይመርገዋል። ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወጣቶች ጭቃ ይሸከማሉ፣ ግንበኞች ይመራሉ። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የጣለው ከባድ ዝናብ የአንዱን ማማ ከፊል ናደው፤ መልሰው ሠሩት። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት እንጨቶች ለጌጥ ብቻ ይመስላሉ። መራጊዎቹ ግን በየዓመቱ የሚወጡት እነሱን እየረገጡ ነው።