የአዲስ አበባ ሰፈሮችና ስሞቻቸው

የአንድ ከተማ ታሪክ በሁለት ስፍራ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው በመዛግብትና በመጻሕፍት ነው፤ ይህን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ሕዝቡ ለመኖሪያው ባወጣው ስም ውስጥ ነው። ይኸኛው ብራና ሳይፋቅለትና ቀለም ሳይበጠበጥለት ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የኖረ ስለ ሆነ፣ ተናጋሪው የጠፋ ቀን እርሱም አብሮ ይጠፋል። እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች እነዚህን ስሞች በየቀኑ እንጠራቸዋለን እንጂ ምን እንደሚነግሩን ቆም ብለን አንጠይቃቸውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብለን፣ ውስጥ ለውስጥ በእግር እየሄድን፣ የጥቂት ሰፈሮችን ስም ለማንበብ እንሞክራለን። በእግር ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መኪና የሚያውቀው አደባባይንና አስፋልትን ነው፤ ሰፈር ግን የሚጀምረው መኪና ሊያልፍ ከማይችልበት ነው።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የመጀመሪያው ምስክራችን ነው። ሰፈረ ማለት ዘማች ጦር ድንኳኑን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነውና፣ ሰፈርም በመሠረቱ የጦር ማረፊያ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለው ስፍራ በመካከል ሲተከል፣ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑም በኋላ ይሰፍር ነበር። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚሁ ልማድ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ብርድ ይልቅ የፍል ውሃውን አካባቢ ወድደው በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ቦታ እየተሰጣቸው፣ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰባቸው ሰፈሩ።

ሆኖም ስፍራው ከሰፈሩ በፊት ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ እየተባለ የሚጠራ የኦሮሞ ሕዝብ አገር ነበር፤ ጉለሌ፣ የካና ገላን የምንላቸውም ስሞች በዚያ ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የወረሱ ናቸው። ጎሳዎቹ ከመሬታቸው ቢነሡም ስማቸው ግን አልተነሣም፤ ጉለሌና የካ ዛሬም የክፍለ ከተማ ስሞች ናቸው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፍጻሜው ስንደርስ እንመለስበታለንና።

የጦር ሰፈር ጠባዩ ማገዶው ሲያልቅ ተነሥቶ መሄድ ነው። አዲስ አበባም ይህ ዕጣ ሊደርሳት ጥቂት ቀርቶ ነበር። በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ስላለቀ፣ በ1890ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደ ተባለው ስፍራ ለማዛወር አስበው በዚያ ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት እየበቀለ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ፣ አስቀድሞም ብዙ ቤትና ብዙ ድካም የወጣበትን ከተማ መተው ስለ ከበደ፣ አሳቡ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ድንኳኑ ወደ ጭቃ ቤት፣ ጭቃ ቤቱም ወደ ድንጋይ ቤት ተለወጠ። ስሙ ግን ሰፈር እንደ ተባለ ቀረ።

የቀድሞዎቹ ሰፈሮች የተጠሩት በሹማምንቱ ስም ነው፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃዝማች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ናደው ሰፈር እየተባለ ይቀጥላል። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ ይፈስሳልና፣ ክረምት በገባ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ይቆራረጥ ነበር። ስለዚህ ከሰፈር ስም ቀጥሎ የሚታወሰው የድልድይ ስም ነው። በ1898 ዓ.ም. ያረፉት የሐረሩ ገዢ የራስ መኮንን ስም ዛሬም ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኘው ድልድይ ላይ ይጠራል። በምዕራብ በኩልም በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለ። የጌታው ግቢ ከፍ ካለው ላይ፣ የአሽከሮቹና የወታደሮቹ ጎጆዎች ዙሪያውን ወደ ታች ይሠሩ ነበርና፣ ባለጸጋና ድኻ በአንድ አጥር ሥር ይኖር ነበር። በአዲስ አበባ ከትልቅ ቪላ ጀርባ ደሳሳ ጎጆ ማየት ለእንግዳ ሰው ግር ቢለውም፣ ምንጩ ይኸው ጥንታዊ አሰፋፈር ነው።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥተን በእግር ብንሄድ ግን ስሙ ሁሉ የሹም ስም እንዳልሆነ እንረዳለን። በዚያው አቅራቢያ ሠራተኛ ሰፈር አለ። ይህ የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች፣ ብረትና ብር የሚቀጠቅጡት፣ ቆዳ የሚሠሩት፣ የሚሰፉት ሰዎች የሰፈሩበት ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ መኖሩ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሰፈር በሥራ ስም ተጠርቶ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም ሰባራ ባቡር የሚባል ስፍራ ይገኛል። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ይለው ነበር። ይኸው መኪና ተሰብሮ ከቆመበት የተነሣ ስፍራው ሰባራ ባቡር ተባለ ይላሉ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ እንግዲህ ከተማይቱ ደኅናውን ባቡር ሳታይ ሰባራውን አይታ ነበር ማለት ነው። ባቡር ጣቢያው የተሠራበት ለገሃርም ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የጣቢያው ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ ስንሄድ አርመን ሰፈርን እናገኛለን። በቱርክ አገር ከደረሰባቸው እልቂት የተረፉ ብዙ አርመኖች በስደት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። እነዚህም አርባ ልጆች ተብለው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የሰፈሩ ስም እንግዲህ የስደተኛና የተቀባይ ታሪክ ነው።

የአገር ውስጥ መጤም እንዲሁ ትውልድ አገሩን ይዞ መጥቷል። ጎፋ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ፣ ዶርዜ ሰፈር የሚሉት ስሞች ተሰብስበው ሲታዩ የኢትዮጵያን ካርታ ይመስላሉ። ከእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ የዶርዜና የጋሞ ሸማኔዎች የሠሩት ጥበብ ስንቱን ሠርግና ስንቱን የዓመት በዓል እንዳስጌጠ የማያውቅ የለም።

በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ከተማይቱን ነጭና ጥቁር ለይቶ ለማስፈር ዐቀደ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶ ኢንዲጄኖ፣ ማለትም የአገሬው ተወላጆች ገበያ አለው። ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በምሥራቅ በኩል ቤቶች አሠራ፤ ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበር፣ ካዛ ኢንቺስ የተባለው ካዛንቺስ ሆነ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ስም ገበያ የሚለውን ቃል ብቻ አስቀርቶ መለያየትን የሚያመለክተውን ቅጽል ጣለው። የሁለተኛውንም ቃል በአፉ አላምጦ የራሱ አደረገው። ጠላት በአምስት ዓመት ሲወጣ፣ ስሙ እንደ ምርኮ በእጃችን ቀረ። በመርካቶም ውስጥ ነጋዴው ሁሉ እንደ ዕቃው እየተሰለፈ ሚስማር ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ የገዛ ሥርዓቱን አበጀ።

ሕዝቡ በሹም ወይም በሥራ ብቻ ሳይሆን በቀልድና በምሬትም ስም ያወጣል። እሪ በከንቱ የተባለው ሰፈር፣ ጨለማ ተገን አድርጎ ቀማኛ ቢነሣበት የሚደርስለት ስላልነበረ፣ ጮኾ የሚቀር መንገደኛ ያወጣው ስም ነው ይባላል። ስለ ጸጥታ ጥበቃ ከተጻፉት ማመልከቻዎች ሁሉ ይህ አጭሩ ሳይሆን አይቀርም። የደጃዝማች ውቤ ሰፈርም የሌሊት ጭፈራ ቤቶች በበዙበት ዘመን ውቤ በረሃ ተባለ። በአራት ኪሎ አጠገብ የነበረው ባሻ ወልዴ ችሎት ደግሞ ሕዝቡ ለዳኝነት ይቆምበት የነበረውን ስፍራ ያስታውሳል። ንፋስ ስልክም ያለ ሽቦ የሚላክ መልእክት ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ሕዝቡ ለራዲዮ ቴሌግራፍ ያወጣለት ስም ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌዎችም ተቋቁመው ሰፈሩ ሁሉ ቁጥር ተሰጠው። በመታወቂያ ደብተር፣ በቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛውና ቀበሌው ሆነ። ነገር ግን ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ስሙ በአፍ ላይ ኖረ። የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ የቀበሌ ቁጥር አልተናገረም፤ ለቅሶ የሚነግር ጥሩንባ ነፊም እንዲሁ። ስሞቹ ወረራውንም ቁጥሩንም አልፈው የኖሩበት ምክንያት አንድ ነው፤ ስሙን የሚጠራው ሰው ከቦታው አልተነሣም ነበር።

ዛሬ የሚያሳስበን ይህ ምክንያት መለወጡ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ልደታና ሰንጋ ተራ ፈርሰው እንደ ገና ተሠሩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ የፒያሳ ብዙ ክፍልና ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። ነዋሪው በከተማው ዳር ወዳሉት ሰፈሮች ተበተነ፤ ዱሮ በአንድ ጀበና ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤቶች አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ ሆኑ። ስለዚህ ቦታውና ስሙን የሚጠራው ሰው በአንድ ጊዜ ተለያዩ።

በእርግጥ የፈረሰው ሁሉ ይቅር የሚባል አልነበረም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የብዙ አባወራ የሆነ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባበት ቤት ለኖረበት ሰው ትዝታ ብቻ ሳይሆን መከራም ነበር። ያረጀ ግድግዳ ይቁም ብለን የምንከራከርበት ነገር የለንም። ነገር ግን የቤት ማርጀት የስም ማርጀት አይደለም። ግድግዳ በካሣ ይተካል፤ የተረሳ ስም ግን ተተኪ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ ዘንድ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በፈረሰው ስፍራ ላይ የሚሠራው አደባባይ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ወይም ትምህርት ቤት የቀድሞውን ሰፈር ስም ይያዝ፤ ይህ ለመሥሪያ ቤት ከአንድ የብረት ሰሌዳ የበለጠ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በየሰፈሩ እየላኩ፣ ስሙ ማን ይባል እንደ ነበር፣ ማን እንዳወጣው፣ ወንዙ፣ ድልድዩና ገበያው የት እንደ ነበሩ ከሽማግሌዎች ያስጠይቁ። ሦስተኛ፣ የዕድር መዛግብት ይጠበቁ። አባላት ተበትነውም ወርኃዊ መዋጮአቸውን የሚያስገቡበት፣ ለቀብር የሚሰበሰቡበት የሰፈር ዕድር ዛሬም አለ። በዚያ ደብተር ውስጥ የነዋሪው ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የከፈለው ገንዘብ ሁሉ ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ የሰፈር ታሪክ በሌላ መዝገብ ቤት በቀላሉ አይገኝም።

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። የጉለሌና የየካ ሰዎች ከስፍራቸው ሲነሡ ስማቸው ያልጠፋው፣ በኋላ የሰፈረው ሰው ስሙን ተቀብሎ ስለ ጠራው ነው። እንግዲህ ስም የሚኖረው በነባሩ ብቻ ሳይሆን በመጪውም አፍ ነው። ነገ በካዛንቺስ ወይም በዶሮ ማነቂያ ላይ በተሠራ አዲስ ሕንጻ የሚወለደው ልጅ፣ ሰፈርህ ማን ይባላል ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስም ምን እንደሚሆን የሚወሰነው፣ ዛሬ እኛ በምንጽፈውና በምንጠራው ነው።