ስለ ኢፕሲላንቲ ሕፃናትና ወደ ቤታቸው ስለ ሄዱት መምህራን

በአሜሪካ አገር፥ ሚሺጋን በምትባለው ግዛት ውስጥ ኢፕሲላንቲ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ የግሪክ ስም ነው፤ አገሩን ከቱርክ አገዛዝ ነፃ ለማውጣት ከተዋጉት የግሪክ የጦር አለቆች አንዱ በሆነው በድሜጥሮስ ኢፕሲላንቲስ ተሰየመች፤ እርሱ ግን ከተማይቱን በዓይኑ አላያትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፎርድ የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ በአጠገቧ፥ ዊሎው ራን በሚባለው ስፍራ፥ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚሠራበት ታላቅ ፋብሪካ ስላቆመ ነጩም ጥቁሩም ሥራ ፍለጋ ከደቡብ ግዛቶች እየጎረፈ መጣ። ጥቁሮቹም በከተማይቱ በደቡብ ወገን ባለው ሰፈር ተከማችተው ተቀመጡ፤ ይህም ሰፈሩን ወደው ብቻ አይደለም፤ በሌላው ሰፈር ቤት የሚያከራያቸው ወይም የሚሸጥላቸው በቀላሉ ስለማይገኝ ነበረ። ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ፔሪ ይባል ነበር። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ በዚያ ሰፈር የተደረገ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዴቪድ ዌይካርት የሚባል ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያ በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ተቀጠረ። ሥራው በትምህርት የደከሙትን ልጆች መመርመር ነበርና የተማሪዎቹን መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ክፍል የሚደግሙት፥ ተለይተው ወደ ደካሞች ክፍል የሚላኩት፥ ትምህርታቸውንም ሳይፈጽሙ የሚወጡት አብዛኞቹ ከዚያው ከአንዱ ሰፈር የመጡ የድሆች ጥቁሮች ልጆች ነበሩ። አንድ ልጅ ሊሰንፍ ይችላል፤ የአንድ ሰፈር ልጅ ሁሉ ግን በአንድነት ሰነፈ ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ እንዲህ ግልጽ ሳለ ለሁሉ ግልጽ አልሆነም። ዌይካርት የትምህርት ቤቶቹን ዲሬክተሮች ሰብስቦ ቍጥሩን ባሳያቸው ጊዜ አንዱ እጁን አጣምሮ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ወደ መስኮቱ ሄደው ሲጋራ አጨሱ፤ ስብሰባውን ትተው የወጡም ነበሩ። አሳባቸው፥ ልጆቹ ሲፈጠሩ እንዲህ ሆነው ተፈጥረዋልና ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግላቸው ይችላል የሚል ነበረ።

ከእነዚህ የተለየው የፔሪ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ዩጂን ቢቲ ነው። ቢቲ ራሱ ጥቁር ነበር፤ በወጣትነቱ በሩጫ ስሙ የተጠራ ሰው ሲሆን ከ1940 ጀምሮ ያንን ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። ሃያ ዓመት በአንድ ሰፈር ያስተማረ ሰው ሰፈሩን ያውቃል፤ ሰፈሩም ያውቀዋል። ስለዚህ ዌይካርት ላሰበው ሥራ የቢቲ ትምህርት ቤት ደጁን ከፈተ።

ያሰበውም ይህ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ሥርዓት ለመለወጥ ሥልጣን አልነበረውም፤ ዲሬክተሮቹም አልፈቀዱለትም። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ፥ የሦስትና የአራት ዓመት ሳሉ ሰብስቦ ቢያስተምራቸው ግን የዲሬክተሮቹ ሥልጣን እዚያ አይደርስም። አሳቡን ያማከራቸው ሊቃውንት ይህ አይሆንም አሉት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ለትምህርት አልደረሰምና ቢያስተምሩት ሊጎዳ ይችላል አሉ። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ሀ ሁ እያለ ያደገ የኢትዮጵያ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ገና አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ሕፃናት ከታላላቆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ፊደል ሲቈጥሩ ስንት ዘመን ሲያይ ኖሯልና። የሆነ ሆኖ የሊቃውንቱ ተቃውሞ አንድ በጎ ነገር አመጣ። ዌይካርት ይጠቅማል፥ አይጠቅምም እየተባለ ሲከራከሩ ከመኖር በሥራ መፈተን ይሻላል ብሎ፥ የሚማሩትን ልጆች ከማይማሩት ጋራ እያስተያየ ለመከታተል ቈረጠ።

ሥራው በ1962 በጥቅምት ወር ተጀመረ። ልጆቹን ለማግኘት የፔሪ ተማሪዎች ታናናሽ ወንድምና እኅት እንዳላቸው ተጠየቀ፤ የሰፈሩ ማኅበሮችም ጠቆሙ፤ የቀሩትን ደግሞ በየቤቱ ደጅ እያንኳኩ ፈለጓቸው። የተመረጡት ወላጆቻቸው እጅግ ድሆች የሆኑና ራሳቸውም በአእምሮ መለኪያ ፈተና ከ70 እስከ 85 ያገኙ ናቸው፤ የዚህ ፈተና መካከለኛው ልክ 100 ነው። በአምስት ዙር በጠቅላላው 123 ልጆች ተመዘገቡ፤ ትምህርቱም እስከ 1967 ድረስ ቈየ። ከእነዚህ 58ቱ እንዲማሩ፥ 65ቱ ግን ሳይማሩ ከሩቅ እንዲታዩ ተለዩ። አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን አስተካክለው በሁለት ወገን ካቆሟቸው በኋላ የትኛው ወገን እንዲማር ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው በዕጣ ቈረጡት።

ትምህርቱ በሳምንት አምስት ቀን፥ ጧት ጧት፥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይቈያል። ከ20 እስከ 25 ለሚሆኑ ልጆች አራት መምህራን ነበሩ፤ ሁሉም የመምህርነት የምስክር ወረቀት ያላቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ዙር ልጆች በቀር ሌሎቹ ሁለት ሁለት ዓመት ተማሩ። የትምህርቱም አኳኋን እንዲህ ነው፤ ልጁ ዛሬ ምን ልትሠራ አስበሃል ተብሎ ይጠየቃል፤ ያሰበውን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሠራውን ነገር ለመምህሩና ለጓደኞቹ ይናገራል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንም፤ የቅኔ ተማሪ በዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ቅኔውን ሲቈጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማልና። መምህሩ አስቀድሞ የተናገረውን መልሶ ማለት ብቻ ትምህርት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዋናው ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ነበረ። መምህራኑ ጧቱን ከልጆቹ ጋራ ከዋሉ በኋላ በየተራ ወደ ልጆቹ ቤት ይሄዱ ነበር፤ እያንዳንዱን ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ፥ በአንዱም ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጣሉ። ዝናብም ሆነ በረዶ፥ የሚሺጋን ክረምት ብርቱ ነው፥ መንገዱ ግን አልተቋረጠም። እናቲቱና ልጁ ባሉበት በትምህርት ቤት የተሠራውን ሥራ በቤት ደግሞ ይሠሩታል፤ እናቲቱም ልጇ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚወድ ለመምህሯ ትነግራለች። በዚያ ዘመን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ድሃ ደጅ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጕድለት ሊመረምር ወይም ሊወቅስ ይመጣል እንጂ ሊመካከር አይመጣም ነበር። እናትም ወደ ትምህርት ቤት የምትጠራው ልጇ ያጠፋ እንደ ሆነ ነው። እዚህ ግን ልጁ ገና ምንም ሳያጠፋ፥ ክፍልም ሳይደግም፥ ደካማ የሚል ስም ሳይወጣለት መምህሯ ራሷ ትመጣለች። ለታመመ ሰው ሐኪም መጥራት የተለመደ ነው፤ ሰው ሳይታመም ደጁን የሚጐበኝ ሐኪም ግን በየትም አገር ጥቂት ነው።

ከእነዚህ መምህራን አንዲቱ ኤቭሊን ሙር ትባላለች። እርሷም ጥቁር ናት፤ ኋላ በ1970 ለጥቁር ሕፃናት ዕድገት የሚሠራ ብሔራዊ ተቋም በአሜሪካ አገር አቋቋመች። ዌይካርትም በዚያው ዓመት ሃይስኮፕ የሚባለውን ድርጅት በኢፕሲላንቲ መሠረተ።

መጀመሪያ የታየው ፍሬ ሰውን ሁሉ ደስ አሰኘ። የተማሩት ልጆች ባንድ ዓመት ውስጥ በአእምሮ መለኪያው ፈተና ካልተማሩት ብዙ በልጠው ተገኙ። ዳሩ ግን ደስታው አልቈየም፤ ልጆቹ ወደ ተለመደው ትምህርት ቤት ገብተው ስምንት ዓመት ያህል ሲሆናቸው ልዩነቱ ጠፋ፤ የተማረውና ያልተማረው በፈተናው እኩል ሆኑ። በዚህ መካከል፥ በ1965 በጋ፥ የፕሬዚዳንት ጆንሰን መንግሥት ሄድ ስታርት የሚባለውን የድሆች ሕፃናት ትምህርት በአሜሪካ ሁሉ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከ500,000 የሚበልጡ ልጆችን ሰበሰበ። በ1969 ያም ሥራ ተመርምሮ እንደ ኢፕሲላንቲው ያለ ነገር ተገኘበት፤ በፈተና ያገኙት ብልጫ ጥቂት ቈይቶ ይጠፋል ተባለ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ገንዘቡ በከንቱ ፈሰሰ አሉ። ፊት እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡትም ሰዎች ድል ያደረጉ መሰለ።

የኢፕሲላንቲ ሰዎች ግን መዝገቡን አልዘጉትም። ዘር የዘራ ገበሬ በሦስተኛው ቀን አፈሩን ገልጦ ባየ ጊዜ ምንም ባያገኝ እርሻውን ትቶ አይሄድም፤ እነርሱም 123ቱን ልጆች፥ የተማሩትንም ያልተማሩትንም፥ እየተከታተሉ ጠየቁ። 15 ዓመት ሲሆናቸው ጠየቁ፤ 19 ሲሆናቸው፥ 27 ሲሆናቸው፥ 40 ሲሆናቸው ጠየቁ። አንዳንዱ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር፤ አንዳንዱ በወህኒ ቤት ተገኘ፤ በሕይወት ካሉት ውስጥ ከመቶ 97ቱ በአርባ ዓመታቸው ተገኝተው ቃላቸውን ሰጡ። ፈተናው ያላሳየውን ነገር ኑሮው አሳየ። ከተማሩት ከመቶ 77ቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው ነበር፤ ካልተማሩት 60ዎቹ ብቻ። በዓመት ከ20,000 ዶላር የሚበልጥ ደመወዝ የሚያገኙት ከተማሩት ከመቶ 60፥ ካልተማሩት 40 ነበሩ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በፖሊስ የተያዙት ከተማሩት ከመቶ 36፥ ካልተማሩት 55 ሆኑ። ይህም በ2005 ታትሞ ወጣ፤ ዌይካርት ግን በ2003 ሞቶ ስለ ነበር የታተመውን አላየም።

ይህን ቍጥር እንደ ተአምር አድርጎ የሚያወራ ሰው አለ፤ አይገባም። ከመቶ 36ቱ አምስት ጊዜ ከተያዙ ከተማሩትም ብዙዎቹ መከራ አይተዋል ማለት ነው። የልጆቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ ከተማውም አንድ ነው። እናቶቻቸው ሥራ ላይ ስለሚውሉ መምህራኑን በቤት ለመቀበል ያልቻሉ ጥቂት ልጆች ዕጣው ከወጣ በኋላ ወደማይማሩት ወገን ተዛውረዋል፤ ይህንም ሊቃውንት ነቅፈውታል። ትምህርት በመፈጸም የታየው ልዩነት ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ ዘንድ እጅግ ይበልጣል፤ ከወንጀል በመራቅ የታየው ደግሞ ይልቁን በወንዶቹ ዘንድ ነው። በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት በ2000 የተቀበለው ጄምስ ሄክማን ይህን ነቀፋ ሁሉ አስገብቶ ሒሳቡን ከባልደረቦቹ ጋራ እንደ ገና መረመረ፤ በ2010ም ለዚህ ሥራ የወጣው ገንዘብ ለአገሩ በየዓመቱ ከመቶ ከ7 እስከ 10 የሚሆን ትርፍ እንዳስገባ ገለጠ። የነጋዴ ልብ ያለው ሰው እንኳ ከዚህ በኋላ በከንቱ ፈሰሰ ሊል አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነገር ስለ 65ቱ ነው። ሳንቲሙ በሌላው ፊቱ ቢወድቅ ኖሮ መምህሯ የእነርሱን ደጅ ታንኳኳ ነበር። ማንም አልበደላቸውም፤ ከፊት የነበራቸውን አልቀማቸውም፤ ነገር ግን ድኽነታቸው ታውቆ፥ ስማቸው ተጽፎ፥ ወዴት እንደሚሄዱ እየታየ ሄዱ። እነርሱ ባይኖሩ የሌሎቹ መልካም መሆን በምንም አይታወቅም ነበርና፥ ኋላ በብዙ ከተማ ለተሰበሰቡ ሕፃናት የተከፈለው ዋጋ ከእነርሱ ኑሮ የወጣ ነው። ሥራውን የሚያመሰግኑ ጽሑፎች 58ቱን ሲያወሱ 65ቱን በቍጥር ብቻ ያልፏቸዋል። ዌይካርትን ለዚህ መውቀስ አስቸጋሪ ነው፤ እርሱ ማስረጃ እንዲያመጣ ያስገደዱት አይሆንም ያሉት ናቸውና። ዲሬክተሮቹ በመጀመሪያው ስብሰባ መዝገቡን አይተው የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እንቀበል ብለው ቢሆን ኖሮ ሳንቲም መወርወር ባላስፈለገም ነበር።

ሄክማንና አንድ የሥራ ጓደኛው 55 ዓመት ያህል የሆናቸውን የቀድሞ ሕፃናት እንደ ገና መርምረው፥ ስለ እነርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸውም የተገኘውን በ2019 ገለጡ። የተማሩት ሰዎች ልጆች፥ ካልተማሩት ሰዎች ልጆች ይልቅ፥ ከትምህርት ቤት ሳይታገዱ ትምህርታቸውን የፈጸሙ፥ በፖሊስም ያልተያዙ፥ ሥራም የያዙ በዝተው ተገኙ። እነዚህ የልጅ ልጆች በፔሪ ትምህርት ቤት በዚያ ሥርዓት አልተማሩም፤ አያቶቻቸው ግን በሳምንት አንድ ቀን፥ ከሰዓት በኋላ፥ መምህሯ ደጃቸውን ስታንኳኳ ይከፍቱላት የነበሩት እናቶች ናቸው።